ገቢው ለማያድግ ሰው ለአበዳሪ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ ሒሳቡ፣ አጻጻፉና የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ሚዛን (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ክር ገቢያቸው ጡረታ፣ የአካል ጉዳት አበል ወይም የተተኪ አበል ብቻ ሆኖ የብድር ክፍያ ለከበዳቸው ሰዎችና ደብዳቤውን ለሚጽፉላቸው ልጆች ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይያዝልኝ። ደመወዝተኛ ሲቸገር «ሦስት ወር ታገሱኝ» ቢል ያስኬደዋል፤ ሥራ ያገኛል፣ ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ጡረተኛ ግን ከሦስት ወር በኋላም የሚቀበለው ያችኑ ነው። የእፎይታ ጊዜ ቢሰጠው በእነዚያ ወራት ወለዱ እየተቆጠረ ይቆይና ሲመለስ የወር ክፍያው ከበፊቱ በልጦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የእሱ ደብዳቤ የሚጠይቀው ጊዜ ሳይሆን መጠን ነው፦ የወር ክፍያው አቅም ወደሚፈቅደው እንዲወርድ፣ ወለዱ እንዲቆም ወይም እንዲቀንስ፣ ቅጣቱ እንዲነሳ፣ የመክፈያው ቀን አበሉ ከሚገባበት ቀን በኋላ እንዲሆን። በየደብዳቤው የማየው ትልቁ ስህተት ይህን አለመለየት ነው።

ብዕር ከመነሳቱ በፊት ሒሳቡ ይሠራ። ለሁላችንም እንዲመች ገንዘቡን በቁጥር ብቻ ላስቀምጠው።

የወር ገቢ፦ 9,000

የቤት ኪራይ 2,600
መብራት፣ ውሃ፣ ስልክ 850
ምግብና የቤት ፍጆታ 2,700
መድኃኒትና ሕክምና 700
ትራንስፖርት 300
በዓመት አንዴ የሚመጡ ወጪዎች 350
መጠባበቂያ 300
ድምር 7,800

ለዕዳ የሚተርፍ 1,200

ሁለት መስመሮች ላይ ሰው ይስታል። አንደኛው መድኃኒት ነው። በሦስት ወር አንዴ 1,500 የሚገዛ መድኃኒት በተገዛበት ወር ብቻ ከተጻፈ የሌሎቹ ወራት ትርፍ ውሸት ይሆናል። ለሦስት ይካፈልና በወር 500 ይግባ፤ ከ200 የክትትል ወጪ ጋር 700 ያልኩት ለዚያ ነው። ሁለተኛው የዓመት ወጪ ነው፦ ልብስ፣ መነጽር፣ የቤት ጥገና፣ ዓመታዊ ግብር። ድምሩ 4,200 ከሆነ ለ12 ሲካፈል 350 ነው። ይህ መስመር ባለመኖሩ ብቻ ስድስት ወር በደንብ ተከፍሎ በሰባተኛው የሚፈርስ ስምምነት ብዙ ነው።

ንጋት

መጠባበቂያው አልገባኝም። የብድር ሠራተኛው «300 መቆጠብ ከቻሉ ለእኛ ይክፈሉት» አይልም? ከዝርዝሩ አውጥቶ 1,500 ማቅረብ የተሻለ ተቀባይነት አይኖረውም?

ብራና

ንጋት፣ አውጥተሽ ብታቀርቢው በመጀመሪያው ቀን ደስ ይላቸዋል። ቧንቧ የፈነዳ ቀን ግን ክፍያው ይዘለላል። የተሻሻለ ስምምነት ሲፈርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ውዝፍ ይከፋል፤ ብዙ አበዳሪዎች የተነሳውን ቅጣት መልሰው ይጭናሉ፣ ሁለተኛ ማሻሻያም በቀላሉ አይፈቅዱም። 1,200 ብሎ ለአራት ዓመት መክፈል 1,500 ብሎ ለአምስት ወር ከመክፈል ለአበዳሪውም ይሻለዋል፤ ልምድ ያለው የብድር ሠራተኛ ይህን ያውቃል።

በዚያ ላይ ልብስም ጥገናም መጠባበቂያም የሌለበት፣ ገቢና ወጪው በሳንቲም እኩል የወጣ ዝርዝር ሲያይ ይጠራጠራል። ሰው እንደዚያ አይኖርም። መስመሩን «መጠባበቂያ» ማለት ካስፈራሽ «ድንገተኛ ጥገናና ሕክምና» በይው፤ እውነቱም እሱ ነው።

ማህተም

ጋሽ ሚዛን ጥሩ ጀምረሃል። እኔ የምጨምረው ከ1,200ው ማን እንደሚካፈልና ማን እንደማይካፈል ነው።

ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ካልተከፈለ ቤት የሚያስለቅቅ፣ መብራት የሚያስቆርጥ፣ መያዣ የሚያሸጥ ወይም መንግሥት በቀጥታ የሚቆርጠው ዕዳ ቅድሚያ አለው። የቤት ኪራይ ውዝፍ፣ በመኖሪያ ቤት መያዣ የተወሰደ ብድር፣ የመብራትና የውሃ ውዝፍ፣ ግብር፣ ፍርድ ቤት የወሰነው ቀለብ እዚህ ይገባሉ። የእነዚህ ክፍያ ከላይ በወጪው ዝርዝር ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ከዚያ የሚተርፈው ነው ያለ መያዣ ላበደሩት፣ ለካርድ ዕዳ፣ ለዱቤ ሻጭ፣ ለዘመድ የሚከፋፈለው።

የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሌለው አበዳሪ ነው አብዝቶ የሚደውለው። የኪራይ አከራይ አንዴ ተናግሮ ዝም ሊል ይችላል፤ የዱቤ ድርጅት በቀን ሦስቴ ይደውላል። ተበዳሪው ጩኸቱን ተከትሎ ለደዋዩ ይከፍልና ቤቱን ያጣል። የስልክ ብዛት የቅድሚያ መለኪያ አይደለም።

ሚዛን

ትክክል ነህ ማህተም። በምሳሌው ቅድሚያ ያላቸው ሁሉ በ7,800 ውስጥ ተከፍለዋል እንበል። ቀሪዎቹ ሦስት ናቸው፦

አበዳሪ ሀ፦ ቀሪ ዕዳ 30,000
አበዳሪ ለ፦ ቀሪ ዕዳ 18,000
አበዳሪ ሐ፦ ቀሪ ዕዳ 12,000
ጠቅላላ 60,000

ክፍፍሉ በዕዳው ልክ ነው። የአንዱን ዕዳ ለጠቅላላው ዕዳ አካፍል፣ በሚተርፈው አባዛ። አበዳሪ ሀ ግማሹን ስለያዘ 600፣ አበዳሪ ለ 30 በመቶ ስለያዘ 360፣ አበዳሪ ሐ 20 በመቶ ስለያዘ 240። ድምሩ 1,200።

ይህ አሠራር ጉልበቱ ከቀላልነቱ ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዝርዝር ይላካል፤ እያንዳንዱ ሌላው ስንት እንደሚያገኝና ለምን እንደሆነ ያያል። «ለእነሱ አብዝተህ ለእኛ አሳነስክ» የሚል መከራከሪያ አይኖርም።

አርታኢ

ትንሹን ዕዳ መጀመሪያ መጨረስ አይሻልም? ሐን በ1,200 ብንከፍለው በ10 ወር ያልቃል፤ አንድ ደዋይ ይቀንሳል።

ብራና

የወር ክፍያውን ሁሉ እየከፈለ ትርፍ ላለው ሰው ጥሩ መንገድ ነው። የወር ክፍያው ላልሞላለት ግን አበዳሪ ሀና አበዳሪ ለ ለ10 ወር ምንም አያገኙም ማለት ነው፤ በዚህ መሐል ክስ ይመጣል። ደብዳቤው የሚሠራው ሁሉም ጥቂት ጥቂት እያገኘ ሁሉም ዝም ሲል ነው።

አርታኢ፣ አንተ ያነሳኸው ግን ወደ ዋናው ነገር ይወስደናል፤ እሱም ወለዱ ነው። ሚዛን ያወጣውን ክፍፍል በወለድ እንየው።

አበዳሪ ለ 24 በመቶ ዓመታዊ ወለድ አለው እንበል። በወር 2 በመቶ ነው። 18,000 ሲባዛ በ2 በመቶ 360። የቀረበለት ክፍያም 360። አያችሁ? ተበዳሪው አንድም ወር ሳያጓድል አምስት ዓመት ቢከፍል 21,600 ከፍሎ ዛሬም ዕዳው 18,000 ነው። ቅጣት ካለበት ደግሞ ያድጋል።

ሀ 18 በመቶ ይሁን። የመጀመሪያው ወር ወለድ 450 ነው፤ ከ600ው ለዋናው ብድር የሚተርፈው 150 ብቻ። በዚህ ፍጥነት 30,000ው ለማለቅ 94 ወር ይፈጃል፣ የሚከፈለውም በድምሩ 56,000 ይጠጋል። ወለዱ ቢቆም ግን 30,000 ለ600 ሲካፈል 50 ወር ነው። አበዳሪ ለም እንዲሁ 18,000 ለ360፣ 50 ወር። ሐም 12,000 ለ240፣ 50 ወር። በዕዳ ልክ የተከፋፈለ ክፍያ ወለድ ከቆመ ሁሉንም በአንድ ቀን ያስጨርሳል።

ስለዚህ «ክፍያዬ ይቀንስልኝ» ብቻ ብሎ የሚያልቅ ደብዳቤ ግማሽ ደብዳቤ ነው። ክፍያው ቀንሶ ወለዱ ከቀጠለ ተበዳሪው ዕድሜ ልኩን ወለድ ይከፍላል። በተለይ ለ68 ዓመት ሰው 94 ወር ወደ ስምንት ዓመት እንደሚጠጋ አስቡት። ብዙ አበዳሪዎች ራሳቸው ብድር ማለቅ ያለበት የዕድሜ ጣሪያ አላቸው፤ ስለዚህ ወለዱን ማቆም ለእነሱም ዕዳው በጊዜ የሚያልቅበት መንገድ ነው። ይህንኑ በደብዳቤው አንድ መስመር መጻፍ ይጠቅማል።

ንጋት

ወለዱን አናቆምም ካሉስ? አንድ አማራጭ ብቻ ማቅረብ ያሰጋል።

ብራና

ሁለተኛ በር ክፈቺላቸው። «ይህ ካልተቻለ ወለዱ ወደ 12 በመቶ እንዲወርድ» በይ። ለአበዳሪ ለ ስትሠሪው የወር ወለዱ 180 ይሆናል፤ ከ360ው ግማሹ ዋናውን ይቀንሳል፤ በ70 ወር ያልቃል። 50 ባይሆንም መጨረሻ አለው። የመጨረሻው መስመርሽ ግን ይህ ይሁን፦ ዋናውን ብድር ምንም የማይቀንስ ስምምነት አትፈርሚ።

ዋስትና

የናሙና ደብዳቤ ብታስቀምጡ። ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ይጠፋበታል።

ሚዛን

ለአበዳሪ ለ የሚሄደው ይኸው። ክፍት ቦታዎቹን ሙሉ።

ቀን ……
ለ …… የብድር ክትትል ክፍል
ጉዳዩ፦ በብድር ቁጥር …… የወር ክፍያና ወለድ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው ቁጥር የሚታወቀው ብድር ተበዳሪ ነኝ። ከ…… ወር ጀምሮ ጡረታ በመውጣቴ ገቢዬ በወር 9,000 የጡረታ አበል ብቻ ነው። ሌላ ገቢ የለኝም፤ ወደፊትም ይጨምራል ብዬ አልጠብቅም።

መሠረታዊ ወጪዎቼ ከተሸፈኑ በኋላ ለሦስት አበዳሪዎች የሚተርፈኝ 1,200 ነው። ይህ በቀሪ ዕዳቸው ልክ ሲከፋፈል የድርጅታችሁ ድርሻ 360 ይሆናል። የገቢና ወጪ ዝርዝሩ በአባሪ 1፣ የአበዳሪዎች ክፍፍል በአባሪ 2 ቀርቧል።

ስለዚህ፦
1. ከ…… ወር ጀምሮ በየወሩ በ8ኛው ቀን 360 እንድከፍል፣
2. ወለዱ እንዲቆም፣ ይህ ካልተቻለ ወደ 12 በመቶ እንዲወርድ፣
3. ከ…… ቀን ጀምሮ የተቆጠረው ቅጣት እንዲነሳና አዲስ ቅጣት እንዳይቆጠር፣
4. ውሳኔያችሁ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ

እጠይቃለሁ። መልሳችሁን እየጠበቅሁ የመጀመሪያውን 360 በ…… ወር በ8ኛው ቀን ገቢ አደርጋለሁ። አቅሜ ከስድስት ወር በኋላ በድጋሚ እንዲታይ ፈቃደኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ
አባሪ፦ ……

ከአንድ ገጽ አይበልጥ። የ8ኛው ቀን ነገር ለምን እንደገባ ልናገር፦ አበሉ በ5ኛው ቀን እየገባ ክፍያው በ1ኛው ቀን የሚደርስ ብድር አለ። ተበዳሪው ገንዘቡ እያለው በየወሩ አራት ቀን ይዘገያል፣ በየወሩ ይቀጣል። ቀኑን ማዛወር ለአበዳሪው ምንም አያስወጣውም፤ ከሌላው ሁሉ በፊት የሚፈቀደውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አበሉ በበዓልና በእረፍት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ተውለት።

አርታኢ

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልበል፤ የኔ ሥራ እሱ ስለሆነ።

«አቅሜ በፈቀደ መጠን ለመክፈል እሞክራለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እየው። ስንት? መቼ? ከመቼ ጀምሮ? ደብዳቤውን የሚቀበለው ሠራተኛ ይህን በምን ሳጥን ይመዘግበዋል? «በየወሩ በ8ኛው ቀን 360 እከፍላለሁ» ሲባል ግን ሠራተኛው አለቃው ፊት ሊያቀርበው የሚችል ነገር አገኘ። የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው አይደለም፤ ለሌላ ሰው አጠቃሎ ያቀርበዋል። እንዲያጠቃልለው አድርጋችሁ ጻፉለት።

ልመናም ይቅር። «በፈጠራችሁ፣ በልጆቻችሁ» የሚል መግቢያ ሦስት አንቀጽ ይወስድና ቁጥሩ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይገባል። የታመመ ሰው መታመሙን ይጻፍ፣ ግን ከገንዘቡ ጋር አያይዞ፦ «ከ…… ወር ጀምሮ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በወር 500 ያስወጣኛል፤ ማዘዣው ተያይዟል።» ይህ አንድ መስመር ስለ ሕመም ከተጻፈ ሙሉ ገጽ የበለጠ ይሠራል። የሕመሙን ዓይነት መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ ወጪውና ማስረጃው በቂ ነው።

በአንጻሩ ዛቻም አይጻፍ። «የፈለጋችሁትን አድርጉ» የሚል ቃል በኋላ ፍርድ ቤት ቢደርስ የሚነበብ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው።

ማህተም

አባሪዎቹን በተመለከተ፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የባንክ ሒሳብ መግለጫ ወይም የአበል ማረጋገጫ፣ የኪራይ ውል ወይም ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሌሎቹ አበዳሪዎች የቅርብ ጊዜ የዕዳ መግለጫ። ቅጂ ብቻ ይላክ፤ ዋናው ከእጅ አይውጣ። የካርድ ቁጥርና የይለፍ ቃል የሚታይበት ቦታ ይሸፈን፤ ከሒሳብ መግለጫው ላይ ለጉዳዩ የማያስፈልገውንም እንዲሁ። ዝርዝሩ ላይ 700 ተብሎ ደረሰኙ 450 ካሳየ ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ከመላክ በፊት አባሪና ዝርዝር ጎን ለጎን ይመሳከር።

አላላኩ፦ በእጅ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይዞ መሄድ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጎ በራስ ቅጂ ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ማስመታት። በፖስታ ከሆነ በሪኮማንዴ፣ ደረሰኙን ከቅጂው ጋር ማያያዝ። በኢሜይል ከሆነ ደብዳቤው ፒዲኤፍ ሆኖ የብድር ቁጥሩ በርዕሱ ላይ ይሁን። «ሰጥቻቸው ነበር» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይሸነፋል።

ዋስትና

ሁለት አደጋ ያላያችሁት አለ፤ ሁለቱም ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ነው መታየት ያለባቸው።

አንደኛ፣ አበሉ የሚገባበት ባንክና ያበደረው ባንክ አንድ ከሆኑ። ብዙ የብድር ውሎች ባንኩ ለውዝፉ የደንበኛውን ሒሳብ እንዲያቻችል፣ ማለትም ከሒሳቡ ራሱ ቆርጦ እንዲወስድ፣ ይፈቅዱለታል። ተበዳሪው «መክፈል አልቻልኩም» ብሎ ጽፎ በወሩ አበሉ እንደገባ ተቆርጦ ያገኘዋል፤ ለኪራይም ለመድኃኒትም የሚሆን አይተርፍም። ውሉን አውጥታችሁ ስለ ማቻቻል የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። ካለ፣ ተበዳሪው አበሉ ወደ ሌላ ባንክ እንዲዛወር መጀመሪያ ያመልክት፤ ማዛወሩ አንድ ሁለት ወር ሊፈጅ ስለሚችል ቀድሞ ይጀመር። በብዙ አገሮች የጡረታ አበል በዕዳ እንዳይያዝ ሕግ ይከላከልለታል፤ አንዴ ሒሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ ጥበቃው ምን ያህል እንደሚከተለው ግን እንደየሕጉ ይለያያል። እንደዚሁ በየወሩ በቀጥታ የሚቆረጥ ቋሚ ትእዛዝ ካለ፣ አዲሱ ክፍያ ሲፈቀድ አሮጌው መሰረዙን በጽሑፍ አረጋግጡ። 360 ተስማምቶ 1,100 የሚቆረጥበት ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋስ። ተበዳሪው ክፍያው ቢሻሻልለትም ዋሱ በመጀመሪያው ውል መሠረት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ዋሱ ከአበዳሪው ከመስማቱ በፊት ከተበዳሪው ይስማ፤ ደብዳቤውም «በዚህ ክፍያ እስከቀጠልኩ ድረስ ዋሴ እንዳይጠየቅ» የሚል አምስተኛ ነጥብ ይጨመርበት። አበዳሪው ስምምነቱን ሲልክ ይህ ነጥብ ተመልሶ መጻፉን ማየት ነው። ካልተጻፈ የለም።

ንጋት

የቆየ ዕዳስ? ሰባት ስምንት ዓመት ማንም ሳይጠይቅ ቆይቶ ዛሬ ዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ ቢልክ በዚሁ ናሙና ይመለሳል?

ዋስትና

አይመለስም! ይህ በደንብ ይታይ። ዕዳ የመጠየቂያ ጊዜ አለው፤ ይርጋ ይባላል፤ ርዝመቱ እንደየአገሩ ሕግና እንደ ዕዳው ዓይነት ይለያያል። በብዙ ሕጎች ተበዳሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ወይም ጥቂትም ቢሆን ከከፈለ ይርጋው እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ከላይ ያለው ናሙና «ተበዳሪ ነኝ» ይላል፤ ገንዘብም ገቢ ያደርጋል። በይርጋ ሊቀር በተቃረበ ዕዳ ላይ ያንን መላክ የሞተውን ማስነሳት ነው።

ለቆየ ዕዳ መጀመሪያ የሚጻፈው ሌላ ነው፦ «በ…… ቀን የጻፋችሁት ደርሶኛል። የተባለውን ዕዳ አላመንኩም። የመጀመሪያውን ውል ቅጂ፣ የክፍያ ታሪኩን፣ ዕዳው ወደ እናንተ የተላለፈበትን ማስረጃ፣ የመጨረሻው ክፍያ የተደረገበትን ቀን ላኩልኝ።» ገንዘብ አይላክ፣ በስልክም «አዎ የኔ ነው» አይባል። መልሱ ሲመጣ የሕግ ምክር የሚሰጥ ሰው ይየው።

ለቅርብ ዕዳም ቢሆን ሰብሳቢ ገብቶ ከሆነ፣ ዕዳው ተሽጧል ወይስ ሰብሳቢው ወኪል ብቻ ነው የሚለውን ጠይቁ። ከተሸጠ የሚደራደረው ዕዳውን የገዛው ነው። ወኪል ከሆነ ደብዳቤው ለዋናው አበዳሪ ይጻፍ፣ ግልባጭ ለወኪሉ። ተበዳሪው ለወኪል ከፍሎ አበዳሪው መዝገብ ላይ ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ ደረሰኝ ላይ የብድር ቁጥሩ ይኑር።

አርታኢ

የብድር መድን ያለበትስ? አንዳንዱ ብድር ሲወሰድ የመድን አረቦን አብሮ ይቆረጣል።

ብራና

ጥሩ አስታወስክ፣ እሱ ከሁሉም በፊት ነው የሚታየው። ተበዳሪው ወደ ቋሚ ገቢ የወረደው በአካል ጉዳት ወይም በትዳር ጓደኛ ሞት ከሆነ፣ የብድሩ መድን ዕዳውን ሊሸፍነው ይችላል። ውሉና የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ ላይ የአረቦን መስመር ፈልጉ። የማመልከቻ ጊዜ ገደብ ስላለው ቶሎ ነው። መድን ሊከፍለው የሚገባውን ዕዳ ከጡረታ ለዓመታት መክፈል ልብ ይሰብራል።

ንጋት

ደብዳቤው ሄደ እንበል፣ መልስ ግን የለም። ወይም በስልክ ብቻ ይመልሳሉ።

ማህተም

መልስ ባይኖርም የተባለው 360 በተባለው ቀን ይግባ። የሁለት ሦስት ወር ደረሰኝ ከደብዳቤው የበለጠ ይናገራል። በ14 ቀን ካልመለሱ የመጀመሪያውን ቅጂ አያይዞ አጭር ማስታወሻ፣ በ30 ቀን ካልመለሱ ለቅሬታ ክፍሉ ወይም ለሥራ አስኪያጁ፤ ከዚያም ካልሆነ ባንኮችን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ግልባጭ ይደረጋል። በየደረጃው የበፊቱ ደብዳቤ ቀንና የገቢ ቁጥር ይጠቀስ።

በስልክ ከሆነ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደዋዩን ስምና የተባለውን እዚያው ይጻፉ። አዲስ ቁጥር ቢያቀርቡ («500 ካደረጉት እንፈቅዳለን») እሺ እንዳይባል። «ዝርዝሬን አይቼ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ይበቃል። ሲዘጋ በዚያው ቀን «ዛሬ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል፣ ካልተሳሳትኩ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ» የሚል መልእክት ይላክ። አረጋውያን ላይ በስልክ የሚደረግ ግፊት ከባድ ነው፤ ደብዳቤው ላይ «ግንኙነታችን በጽሑፍ ብቻ ይሁን» ማለት ይቻላል። ልጅ ወይም ዘመድ የሚነጋገርላቸው ከሆነ በተበዳሪው የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ወይም ውክልና አብሮ ይያያዝ፤ አለበለዚያ አበዳሪው ምስጢር መጠበቅ ስላለበት አያነጋግርም።

አርታኢ

«ግማሹን በአንዴ ክፈሉና ይዘጋል» የሚል ቅናሽ ቢመጣስ? ልጆች ተሰባስበው ሊያዋጡ ይችላሉ።

ዋስትና

ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱ ይምጣ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ የሚከፈለው መጠንና ቀን፤ ይህ ሲከፈል ዕዳው ሙሉ በሙሉ እንደተዘጋና ቀሪው በሌላ በማንም እንደማይጠየቅ፤ ዋሱም ነጻ እንደሆነ። «በከፊል ለመክፈል» የሚል ቃል ካለ አይከፈል፤ ቀሪው ተሽጦ ከዓመት በኋላ በሌላ ሰብሳቢ ስም ይመለሳል። ዕዳው በቅናሽ መዘጋቱ በብድር መረጃ መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚጻፍም ይጠየቅ። ልጆች ሲያዋጡ ደግሞ በስጦታ ለወላጅ ሒሳብ ሰጥተው ወላጅ ይክፈል እንጂ በልጅ ስም አዲስ የክፍያ ውል አይፈረም፤ ያኔ ዕዳው ወደ ልጁ ይዞራል።

ከዚህ ጋር፦ «ዕዳህን እናስቀንስልሃለን» ብሎ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ካለ ተዉት። የሚጽፈው ደብዳቤ ከላይ ሚዛን የጻፈው ነው።

ንጋት

የመጨረሻ ጥያቄ። አንዱ አበዳሪ ተቀበለ፣ አንዱ እንቢ አለ፣ አንዱ ዝም አለ። ክፍፍሉ ይቀየራል?

ሚዛን

አይቀየርም ንጋት። እንቢ ላለው ብለሽ 500 ብታደርጊው 140ውን ከሌላው ድርሻ ነው የምትወስጂው፤ የተቀበለው ይህን ሲያውቅ ስምምነቱን ያነሳል። እንቢ ላለው የተቀበለውን የስምምነት ደብዳቤ ቅጂ አያይዘሽ (የሌላውን ድርጅት የብድር ቁጥር ሸፍነሽ) «ሌላው አበዳሪ በዚሁ ክፍፍል ተስማምቷል» ብለሽ ጻፊ፤ 360ውንም በ8ኛው ቀን መክፈል አታቋርጪ። ክስ ቢመጣ እንኳ ዝርዝሩ፣ የገቢ ማህተም ያለበት ቅጂና ያልተቋረጡት ደረሰኞች ዳኛው ፊት የሚቀርቡ ናቸው፤ መጥሪያ ሲመጣ ግን ቀኑን ሳያሳልፉ መቅረብ ግድ ነው፤ ሰው ሳይቀርብ የተሰጠ ውሳኔ ላይ የክፍያ አቅም አይታይም።

ክፍፍሉ የሚቀየረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ አበሉ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ ቋሚ ወጪ ሲለወጥ፣ አንዱ ዕዳ ሲዘጋ። ያኔ አዲሱ ዝርዝር ለሁሉም በአንድ ቀን ይላካል። የአበዳሪ ሐ ዕዳ በሌላ መንገድ ቢዘጋ 240ው ለአበዳሪ ሀና ለአበዳሪ ለ በዕዳቸው ልክ፣ 30 ለ18 ሆኖ፣ ይከፋፈላል፤ ለአበዳሪ ሀ 150፣ ለአበዳሪ ለ 90 ይጨመራል፣ ድርሻቸውም 750ና 450 ይሆናል። ዝርዝሩን በሠንጠረዥ ሠርቼ ነገ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ወጪ የረሳሁ ካለ እስከዚያ ጻፉልኝ።

ዋስትና

የጥርስ ሕክምናና የመስማት መርጃ ባትሪ ጨምርበት፤ ሁለቱም ሁልጊዜ ይረሳሉ።